በግማሽ ቀን ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ከደሴም ከኮምቦልቻም በኮንትራት መኪና ለሚሄድ ሰው

ለሥራ፣ ለሠርግ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጠዋት ይተርፈዋል። ያቺ ጠዋት ሐይቅን አይቶ ለመመለስ ትበቃለች። ከደሴ በወልዲያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ሐይቁ ተዘርግቷል። ወደ ውሃው ገባ ያለች፣ ዛፍ የለበሰች መሬት ትታያለች። ድሮ ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ደሴት ነበረች። ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተያያዘች። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እሷ ላይ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት መኪና ለብቻቸው ተኮናትረው፣ ከቤተሰብ ወይም ከእንግዳ ጋር ለሚሄዱ ሰዎች ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ግማሽ ቀን የሚበቃው ለሐይቅ ብቻ ነው። የደሴን ሙዚየም፣ አይጠየፍ አዳራሽን፣ ቦሩ ሜዳን፣ ሐይቅንና ሌላውን ሐይቅ ሐርዲቦን በአንድ ጠዋት እናዳርስ ብሎ የሚነሳ ሰው አንዱንም በቅጡ ሳያይ ይመለሳል። ሐይቅ ደግሞ በጥድፊያ የሚታይ ቦታ አይደለም። ጊዜያችሁን በሙሉ ለገዳሙና ለውሃው ስጡ። የቀረው ሌላ ቀን ይደርሳል።

መጀመሪያ፦ ማን ማን ነው የሚሄደው?

ይህ ጥያቄ ከመኪናውም ከቀኑም ይቀድማል። ገዳሙ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች አይገቡም። ይህን ሳያውቁ እናታቸውን ወይም እህታቸውን ይዘው የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። ስለ ገዳሙ እየሰማች ያደገች እናት ከሩቅ አገር መጥታ በር ላይ ስትመለስ በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ንገሯት። ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ስለት ካላት በልጇ ወይም በወንድሟ እጅ ትላክ። እሷም ከውጭ ሆና ትሳለማለች።

ወንድና ሴት ተቀላቅላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጊዜውን ቀድማችሁ ከፋፍሉት። የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ወንዶቹ ገዳም ሲገቡ ሴቶቹና ሕፃናቱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት በጀልባ ይውጡ። ወንዶቹ ሲመለሱ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ለአሳው ይቀመጣል። ወይም የገዳሙን ጉብኝት አሳጥሩና ጀልባውን አብራችሁ ተሳፈሩ። ሁለቱም ይሆናል። የማይሆነው ግማሹ ቤተሰብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው።

አዛውንት ካሉ ሹፌሩን መኪናው እስከ የት እንደሚደርስና ከዚያ ምን ያህል በእግር እንደሚኬድ ቀድማችሁ ጠይቁት።

ቀን መምረጥ

ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከባድ ነው። በዚያ ላይ በደሴው ተራራ በጦሳና ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ዳገት በኩል ጉም ሲወርድ ሹፌሩ የፊቱን መንገድ በደንብ አያይም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል የዝናብ ልብስ መኪና ውስጥ ይኑር።

ከዓመቱ በዓላት ሦስቱን ያዙ። ጥቅምት 17 እና ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓላት ናቸው። ኅዳር 26 ደግሞ የገዳሙ አባት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። በእነዚህ ቀናት የምትሄዱት ለማክበር ከሆነ እሰየው፤ ከሕዝቡ ጋር ማክበር ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጸጥ ብላችሁ ቦታውን ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ምረጡ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። በጾም ወራት ደግሞ ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ስለሚገፋ አባቶች የሚያስተናግዷችሁ ጠዋት ማልዳችሁ ከደረሳችሁ ነው። ለጉብኝት ብቻ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ይመቸኛል።

መኪናውን መያዝ

ግማሹ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ለግማሽ ቀን የሚያዝ መኪና «ኮንትራት» ነው፤ ውሉ የሚያልቀው በአፍ ነው። በአፍ የሚያልቅ ስለሆነም ሁሉም ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ጥርት ብሎ መነገር አለበት። ሁለትና ሦስት ሰው ከሆናችሁ ትንሽ የቤት መኪና ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሚኒባስ ያዙ። ከሆቴላችሁ እንግዳ ተቀባይ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ የሚያውቁትን ሹፌር ይጠሩላችኋል። ከዚያ የሚሻለው ግን በከተማው የሚኖር ዘመድ የሚያውቀው ሹፌር ነው። ዋጋው ቢመሳሰልም ሰውየው ኃላፊነት ይሰማዋል።

ሹፌሩን ስታነጋግሩ ሐሳባችሁን በአንድ ትንፋሽ ጨርሱ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፒያሳ ታነሳናለህ። ሐይቅ ገዳሙ ድረስ ታደርሰናለህ፤ ከተማው ላይ አታወርደንም። እስከ 5 ሰዓት ተኩል እዚያው ትጠብቀናለህ። ከዚያ ደሴ ትመልሰናለህ። ነዳጁ ባንተ ነው። ደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው ስንት ትለናለህ?»

በዚህ አነጋገር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ቦታ አለው። «ገዳሙ ድረስ» ካልተባለ አንዳንዱ ሹፌር ሐይቅ ከተማ ላይ ሲደርስ «ደረስን» ይላል። ሐይቁ ግን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል። «ከነመጠበቂያው» ካልተባለ መመለሻ ላይ ስለ ሰዓት ክርክር ይነሳል። ነዳጁ በማን እንደሆነ ካልተነገረ ደግሞ ማደያ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ይዛችሁ ጠዋታችሁ ያልፋል። ለዚህም ነው «መኪናው ዛሬ ማታ ነዳጅ ይሞላ» ማለትን የማልተወው።

ቀብድ ከጠየቀ ጥቂት ስጡት፤ ደግ ነው። ሙሉውን ግን ከመመለሳችሁ በፊት አትክፈሉ። በቴሌብር ከሆነ ማታውኑ ተነጋገሩ። ስልኩን፣ የመኪናውን ቀለምና ታርጋ ያዙ፤ ቤት ለሚቀር ሰውም ላኩለት።

ኮንትራት የሚከብድበት ሰው ከደሴ መናኸሪያ በሕዝብ ሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ይወርዳል። ከዚያ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ርካሽ ነው። ግን መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ ስላለ ሰዓቱን እንደፈለጉ ማዘዝ አይቻልም። ጊዜ ላለው ሰው ችግር የለውም።

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ

መንገዱን ጠይቁ። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። ያለፉት ዓመታት በአካባቢው ቀላል አልነበሩም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ጦርነት አልፎባቸዋል። የዛሬው መንገድ እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው ትናንት የተመላለሰ ሹፌር ነው። ሁለት ሰው ጠይቁ። ሁለቱም «አብሽሩ፣ ሰላም ነው» ካሏችሁ ሂዱ። አንዱ እንኳ ካመነታ ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት። መታወቂያ ያዙ። ጉዞው ሁሉ በቀን ብርሃን ይሁን።

ልብስ ላይ አትጨነቁ፤ ግን አስቡበት። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ጠዋቷ ይቆረጥማል። ሐይቁ ከዚያ ዝቅ ስለሚል 3 ሰዓት ላይ ሞቅ ይላል። ሲሞቅ የሚወልቅ ሹራብ ይኑራችሁ። ነጠላ ያለው ነጠላ ይያዝ። ወንዶች ቁምጣ አትልበሱ። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ኮፍያ፣ የመጠጥ ውሃና ዝርዝር ጥሬ ብር አትርሱ። ገዳም ውስጥም ሆነ ጀልባ ላይ በስልክ መክፈል ይቻላል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሰዓቱ

ከደሴ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከተነሳችሁ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሐይቁ ዳር ናችሁ። እስከ 3 ሰዓት ተኩል ገዳሙን እዩ። ከዚያ አንድ ሰዓት ለጀልባ፣ አንድ ሰዓት ለአሳ። 5 ሰዓት ተኩል ላይ መኪና ውስጥ ግቡ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ትገባላችሁ።

ከኮምቦልቻ የምትነሱ ልክ ሲነጋ ተነሱና ከላይ ባለው ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጨምሩ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ግን የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው፤ የጭነት መኪናም ይበዛበታል። ከባድ መኪና ከፊት ከገጠማችሁ ሹፌሩን «ቅደመው» አትበሉት። ያ መንገድ ችኮላ አይወድም። ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን የምትሳፈሩ ከሆነ ጀልባውን ወይም አሳውን ተዉና ሰፊ ጊዜ ይዛችሁ ተመለሱ።

መንገድ ላይ

አትቁሙ። ግን እንግዳ ካለ ስለ ቦሩ ሜዳ መኪና ውስጥ ተርኩለት። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ያለ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ነው። የወሎው ገዢ መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል የተባሉት በዚያው ዘመን ነው። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆነው ደሴን ከተማቸው አደረጉ፤ አይጠየፍ አዳራሽንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ይህን የሰማ እንግዳ ከሰዓት በኋላ አይጠየፍን ሲያይ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ገዳሙ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ወደ ገዳሙ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙትን አባት ሰላም በሉ። «እንዴት አደሩ አባቴ፣ ይባርኩን» ብሎ መጀመር ይበቃል። ከየት እንደመጣችሁና ምን ማየት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። ሌላ እምነት ያለው ሰው አብሯችሁ ካለም በግልጽ ተናገሩ። ወሎ ውስጥ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የትኛው ድረስ መግባት እንደሚቻል እሳቸው ይነግሯችኋል። የመግቢያ ክፍያ ካለ ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። መነኩሴን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

ታሪኩን ሳታውቁ ብትገቡ የምታዩት ዛፍና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ይህን ያዙ። በትውፊት ቤተ ክርስቲያኑ የተመሠረተው በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ነው። ታላቅ ገዳም የሆነው ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ሲገቡበት ነው። ትምህርት ቤት አደረጉት። ገድላቸው እንደሚለው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት እዚህ መጥተው በእሳቸው ሥር ተምረዋል። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች የሚባሉት አባ ኂሩተ አምላክም የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው ይባላል። ዛሬ በመላ አገሪቱ ላሉ ብዙ ገዳማት መነሻው ይህች መሬት ናት ማለት ይቻላል። የሐይቅ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» እየተባሉ በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበራቸውም በዚህ የተነሳ ነው።

ከቅርሶቹ ሁሉ አንዱን በስሙ ጠይቁ፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል። በብራና የተጻፈ አራቱ ወንጌላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 የተጻፈ ነው። ውስጡ የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለበት። ጊዜው ተጽፎባቸው ከሚገኙት የግዕዝ መጻሕፍት ከቀደሙት አንዱ ነው። ሁልጊዜ ለጎብኚ ይገለጣል ማለት ግን አይደለም። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት ካልፈቀዱ አትጎትጉቱ። ይህ መጽሐፍ ከ700 ዓመት በላይ የቆየው ማንም በፈለገ ጊዜ ስላላገላበጠው ነው። ካሳዩአችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ የስልክ መብራት አታብሩበት።

የኢማም አሕመድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ እዚህ መድረሱንና የገዳሙ ሀብት መወሰዱንም አስቡ። ያኔ ዙሪያው ውሃ ስለነበር ጦሩ የመጣው በውሃ ላይ ነው። የተረፈው ነገር ለምን እንደዚህ እንደሚጠበቅ ይገባችኋል።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ተቀመጡ። ዛፉ ሥር፣ ድምፅ ሳታሰሙ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ለእኔ ግን የጉዞው ዋናው ክፍል ይህ ነው። ስትወጡ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የአቅማችሁን ጣል አድርጉ።

ጀልባው

ጀልባ ስትይዙ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ፣ እስከ የት የሚሉትን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከዚያ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ። ከሌለ አትሳፈሩ፤ ሕፃን ካለ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሐይቁ ከዳር ሲያዩት ገር ይመስላል። ስፋቱም 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን 88 ሜትር ይደርሳል። ከፎቅ ጋር ብናነጻጽረው ከ20 ፎቅ በላይ ነው። ዋና እችላለሁ ባይም ጃኬቱን ይልበስ። ጀልባ ላይ ተነስቶ ፎቶ መነሳት አይገባም።

ጠዋት ውሃው የተኛ ነው። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበል ይመጣል። በማለዳ መነሳቱ ለዚህም ይጠቅማል። ቀዛፊውን የደሴቲቱን ዳርቻ ይዞ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ጠይቁት። የውሃ ወፎቹ ያሉት ሸምበቆው አጠገብ ነው። መረብ የሚስቡ አሳ አጥማጆችንም ታያላችሁ።

ልጆች ካሉ የሐይቁን አፈጣጠር ተረት ውሃው ላይ ሆናችሁ ንገሯቸው። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴትን በደለች። እግዚአብሔርም ተቆጣ። በሴትዮዋ ዙሪያ ያለውን መሬት ሁሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነወዳጆቿ ጠፋች። ሴትዮዋ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ተረፈች፤ ያቺ መሬት ደሴቲቱ ናት። ቀዛፊው የአገሬው ሰው ከሆነ እሱ እንዲተርክላችሁ ጠይቁት። ከእናንተ የበለጠ ያሳምረዋል።

ሐይቁ በግልጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃ ይገባለታል፣ አይወጣለትም። የተጣለ ፕላስቲክም እዚያው ይቀራል። የያዛችሁትን ጠርሙስ ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ።

አሳው

ጥሩ ዘዴ ልንገራችሁ። አሳውን የምታዙት ከጀልባ ስትወርዱ ሳይሆን ከመሳፈራችሁ በፊት ነው። ለባለቤቷ «እትዬ፣ ለአምስት ሰው ጥብስ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ» ብላችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ትኩሱ ይጠብቃችኋል። ይህን ያላደረገ ሰው 40 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ያያል።

እዚህ የሚበላው በብዛት ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ የሐይቁ ነባር አሳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ተወስዶ የተጨመረ ነው። ዛሬ የአጥማጆቹ እንጀራ ሆኗል። አምባዛም አለ፤ ሥጋው ወፈር ያለ ነው። ሙሉ አሳ ተተልትሎ ሲጠበስ፣ በሚጥሚጣና በሎሚ፣ ከትኩስ እንጀራ ጋር ነው የሚያምረው። ሥጋው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ሳይጠበስ እዩት። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን።

አሳ ደግሞ ለወሎ ሰው ሌላ ጥቅም አለው። እዚህ አገር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አለ። ሥጋ ሲሆን ማን ባረደው የሚል ጥያቄ አለ፤ ሁለት ማዕድ ይዘጋጃል። አሳ ግን አይታረድም። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ተቀላቅላችሁ ከሄዳችሁ ትሪው አንድ ይሁን። ጾም ላይ አሳ የሚበላም የማይበላም ስላለ ግን ከማዘዛችሁ በፊት እያንዳንዱን ጠይቁ፤ ለማይበላው ሽሮ ይታዘዝ። ሹፌሩንም ጥሩት። «ና ወንድሜ፣ አብረን እንብላ» ይባላል እንጂ ለብቻው አይተውም።

መመለሻው

5 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ደሴ ስትገቡ የቀረውን ሂሳብ ለሹፌሩ ቆጥራችሁ ስጡት። ከተስማማችሁበት ሰዓት በላይ ከጠበቀ ሳይጠይቃችሁ ጨምሩለት። ጥሩ ሹፌር ከሆነ ስልኩን ያዙ። ሌላ ጊዜ ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ ወዳለው ወደ ሐርዲቦ ሐይቅ ለመሄድ ትፈልጉታላችሁ። ከሐርዲቦ የሚወጣው ውሃ ወርዶ የሚገባው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው። ለሐርዲቦ ግን ግማሽ ቀን አይበቃም፤ ሙሉ ቀን ይዛችሁ፣ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ።